ያልተላጠው ቀይ

በላስቲክ ማተሚያ ቤቱ ጠራጊውን ሁሉም «ልጣጭ» ይለዋል። ስሙን ያወጣለት የሚስቱ ታላቅ ወንድም፣ የማተሚያው አለቃ ነው።

የብስኩት መጠቅለያ ሲታተም ቀለሙ መያዙ የሚታወቀው ፕላስተር ተለጥፎበት ሲመነጨቅ ነው። ያኔ፣ እሱ ራሱ አታሚ ሳለ፣ ፕላስተሩ ቀዩን ቀለም ሙልጭ አድርጎ ይዞት ተነሣ። አለቃው በሰው ፊት፣ «ቀለምህም እንዳንተ ነው፤ የትም አይጣበቅም!» አለና ከማሽኑ አውርዶ መጥረጊያ አስያዘው።

የላስቲኩን ጥቅል ማሽኑ ላይ ገልብጦ የሰቀለው ግን ራሱ አለቃው ነበር። ከሱ በቀር ማንም ጥቅል እንዲሰቅል አይፈቅድማ! ላስቲክ ቀለም የሚይዘው በአንድ ፊቱ ብቻ ነው፤ በኤሌክትሪክ ብልጭታ በተሻከረው ፊቱ። ይህን ማን ይስማው? ስሙ እቤቱ ድረስ ተከትሎት ገባ። ልጆቹ እንኳ አጎታቸው «ልጣጭ የታለ?» እያለ ሲገባ እየሰሙ አደጉ።

ዛሬ ግን በሱ ቦታ የገባው አታሚ ታሞ ቀረ። መጠቅለያውን ያዘዘችው ባለብስኩት ደግሞ ናሙናዋን ካላየሁ ብላ ራሷ መጥታ ቆማለች።

«በል ማሽኑ ላይ ውጣ» አለው አለቃው። «ዛሬም ከተላጠ መጥረጊያውንም ታስረክባለህ። እህቴም መጥታ እንዳታለቅስብኝ!»

ሲወጣ አለቃው የሰቀለው ጥቅል ጠበቀው። ጣቱን ውሃ አስነክቶ ላስቲኩን ዳሰሰው። ውሃው በተሻከረው ፊት ላይ እንደሚያደርገው አልተዘረጋም፤ ኩርምት ብሎ ነጠብጣብ ሠራ። ዛሬም ተገልብጧል! ጮኾ ማጋለጥ አማረው። ግን ልጣጭን ማን ያምናል? ጥርሱን ነክሶ ጥቅሉን አወረደና አዙሮ ሰቀለው።

«ምን ትጎረጉራለህ አንተ?»

«ፊቱን ወደ ሰው እያዞርኩት ነው፣ ጋሼ።»

ማሽኑ አጓራ፤ ቀዩ እየደረቀ ወረደ። አለቃው ፕላስተር ለጥፎ መነጨቀው። ንጹሕ። ፊቱ ቅጭም አለ። ሌላ ለጠፈ፣ በጥፍሩ አሸው፣ ባለ በሌለ ኃይሉ ሳበው። ላስቲኩ ተቀደደ እንጂ ቀዩ ንቅንቅ አላለም።

ባለብስኩቷ ሳቋን ለቀቀችው። «ኧረ ተው ወንድሜ! ልታትምልኝ ነው ልትቀድብኝ?» ወደ ማሽኑም ዞራ ልጣጭን እያመለከተች፣ «የኔን ሥራ ከዚህ ሰው በቀር ማንም እንዳይነካብኝ!» አለች።

ልጣጭ ያቺን ንጹሕ ፕላስተር አነሣና የአለቃው ደረት ኪስ ላይ ለጠፋት።

«እቤት ሲመጡ ይዘዋት ይምጡ፣ ጋሼ። ልጣጭ የታለ ሲሉ ለልጆቹ ያሳዩዋቸዋል።»

ሠራተኛው በሳቅ ፈነዳ፤ የልጣጭም አንጀቱ ቅቤ ጠጣ። ከዚያ እንደታዘዘው መጥረጊያውን አስረከበ፤ እዚያው፣ ለአለቃው እጅ። ተመልሶም ማሽኑ ላይ ወጣ።