የስንብት ጊደር

ጊደሯ ቦዩን አልሻገርም ብላ አራት እግሯን ተከለች። አቶ ደስታው ገመዱን ጎተተ፣ ለመነ፣ በመጨረሻም ተቆጣ።

"ምን ታደርጊ፤ አንቺም ደብዳቤ ደርሶሽ ይሆናል" አላት።

ከወረታ ከወጣ ሁለት ሰዓት ሆኖታል። በፎገራ ዋልካ ጭቃ ውስጥ እግሩን በነቀለ ቁጥር ጉልበቱ ይንቋቋል። ጡረታውን ከእሱ ይልቅ የናፈቀው ይህ ጉልበቱ ነበር። ሠላሳ አንድ ዓመት የከብት ክትባት ሳጥን ተሸክሞ ይህን ሜዳ ተመላልሶበታል። ሰኔ ሠላሳ ቀን ሃምሳ አምስት ዓመት ሞልቶት ሊወጣ ነበር።

ስንብቱ የተደገሰው በወሩ የመጀመሪያ እሑድ ነው። የሰኔ ጾም ከገባ ሥጋ አይበላም፤ ሜዳው ውሃ ከዋጠው ደግሞ ገበሬው ከተማ አይመጣም። ስለዚህ የጡረታው ደብዳቤ እስኪመጣ የጠበቀ የለም። በሬ ታረደ፣ ጠላው ተጠጣ፣ ሽማግሌ መረቀ። በርብ ወንዝ ዳር ያሉ ገበሬዎች ገንዘብ አዋጥተው ይህችን ጊደር ሸለሙት።

ከድግሱ በአሥራ ሁለተኛው ቀን ደብዳቤ መጣ። አዲስ አዋጅ ወጥቷል፤ መጦሪያው ስድሳ ዓመት ሆኗል። አምስት ዓመት እንደ ዋዛ ተጨመረበት። ትችላለህ ወይ ብሎ ጉልበቱን የጠየቀ የለም።

ይህም አልበቃ ብሎ ኃላፊው ማናዬ ዛሬ ጠዋት ቢሮው አስጠራው።

"ጊደሯን የተቀበሉት ለስንብት ነው፤ ስንብቱ ደግሞ ቀርቷል" አለው። "በሥራ ላይ ያለ ሠራተኛ ከባለጉዳይ ስጦታ ከተቀበለ ስሙ ጉቦ ነው። ዛሬውኑ ይመልሱ።"

ይህን ያለው ከዚያው በሬ ጎድን ሁለት ጊዜ ያነሳው ማናዬ ነው።

የገበሬዎቹ መንደር ሲደርስ አባ ገብረ ሐና ከሾላው ሥር ተቀምጠዋል። ከጎናቸው ወይዘሮ አገኘሁሽ የሩዝ ዘር ታበጥራለች። ሁለቱም ለጊደሯ ካዋጡት ናቸው።

"ምነው ደስታው፣ ታመመችብህ?" አሉ አባ።

"አልታመመችም አባ። ልመልሳት ነው።" ነገሩን ከደብዳቤው ጀምሮ እስከ ጉቦው ነገራቸው።

አገኘሁሽ ሰፌዷን አስቀመጠች። "እኛስ ጡረታ የሚባል አናውቅ፤ እስክንወድቅ ነው የምናርስ። አብልቶ፣ አጠጥቶ፣ መርቆ ሸኝቶ ሲያበቃ ተመለስ የሚል ግን አይተን አናውቅም።"

"ሕግ ነው ይላሉ።"

"ሕግስ ይሁን። አንተን ጉቦ በላ ያለው አፍ ግን የሕግ ነው?"

አባ ጊደሯን ዳበስ አደረጓት።

"ይህችን ለምን የሰጠንህ መሰለህ?"

"ስለምሄድ ነዋ።"

"ስለምትሄድማ እናዝናለን እንጂ ምን ብለን እንሸልምሃለን? ውሃው ሜዳውን በዋጠበት ዓመት ዘጠኝ ቀን ከእኛ ጋር ጉብታ ላይ አድረህ ከብቶቻችንን አተረፍህ። የሰጠንህ ለዚያ ነው። ያ ሥራ አልቋል። ደግሞም መርቄ የሰጠሁት ወደ በረቴ አይመለስም። ውሰዳት።"

ደስታው አፈረ፣ ከዚያም ተናደደ። የተናደደው በማናዬ ብቻ አይደለም። እንደ ሌባ ዕቃ ሊመልስ፣ አንድ ቃል ሳይመልስ፣ ይህን ሁሉ ጭቃ አቋርጦ በመጣው በራሱም ጭምር ነው።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጊደሯን እየሳበ በመሥሪያ ቤቱ በር ገባ። ማናዬ ወደ በረንዳው ወጣ፤ ሠራተኞቹም በየመስኮቱ ብቅ አሉ።

"አልመለሷትም?"

"ሰጪዎቹ አንቀበልም አሉ።" ደስታው ገመዱን ዘረጋለት። "ጉቦ ናት ካልህ አንተ ውሰድላቸው። ጭቃው ከጉልበት አያልፍም። ለምን እንደመለስሃትም ለአባ ገብረ ሐና ራስህ ንገራቸው።"

ማናዬ ገመዱን አየ፣ ጫማውን አየ። እጁን ከኪሱ አላወጣም።

"እኔኮ ሕጉን ነው የነገርኩዎ" አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

"ሰምቻለሁ። ልጆች አሉኝና አምስቱን ዓመት እሠራለሁ፤ ነገ ጠዋት ክትባቱን ተሸክሜ እወጣለሁ" አለ ደስታው፣ ገመዱን መልሶ እጁ ላይ እየጠቀለለ። "ያለፈውን ሠላሳ አንድ ዓመት ግን አልመልስም።"

ጊደሯን አዙሮ ወደ ቤቱ ነዳት።