የዘጠነኛ ክፍል መስኮት

«አፈንናቸው» የምትል ቃል እቤት ከገባች ወዲህ ለእማማ ወንበሩ ሁሉ እሾህ ሆነባቸው። ቁጭ ሲሉ ይነሣሉ፤ ሲነሡ ደግሞ ለምን እንደተነሡ ይጠፋቸዋል።

ቃሏን ያመጣት ልጃቸው ነው። ፎርማን ነው፤ ከሰፈሩ ጫፍ ያለውን አዲሱን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ያሠራል። ሕንፃው መብራት ቆጣቢ ነው ይባልለታል፤ በበጋ ሙቀት አያስገባም፣ በብርድ ሙቀት አያስወጣም፣ ለቀረው ጣሪያው ላይ የተደረደሩት ሶላሮች ይበቃሉ። ይህ ሁሉ ለእማማ ጥሩ ነበር። የልጅ ልጃቸው ዘንድሮ ዘጠነኛ ትገባለች። ይህ ካልተከፈተ ከከተማው ማዶ በአውቶቡስ፣ ጭስ እየዋጠች መመላለሷ ነው። ደረቷ ደግሞ አስም ያለበት ደረት ነው።

ታዲያ አንድ ቀን ልጃቸው ለራት እጁን እየታጠበ፣ «ዛሬ የዘጠነኛ ክፍሎችን አፈንናቸው፤ መርፌ የምታሾልክ ቀዳዳ አልቀረችም» አለ፣ ደስ ብሎት።

እማማ የያዙትን ሳህን መልሰው አስቀመጡት። ልጆቹ በምን ሊተነፍሱ ነው ብለው ጠየቁት። እሱም ድካም ያንገላጀጀው ሰው፣ ማሽን አለ፣ ማሽኑ ይተነፍስላቸዋል ብሏቸው ወደ መኝታው ሄደ።

ማሽን የሚተነፍስለትን ሰው እማማ ያውቃሉ። የልጅቷ እናት፣ የገዛ ልጃቸው፣ ሆስፒታል የሰነበተችው እንደዚያ ነው። ማሽኑ እፍ እስ ሲል፣ እሳቸውም እጇን ይዘው አብረውት እፍ እስ ሲሉ ከረሙ። አንድ ቀን ሐኪሞቹ ማሽኑን አጠፉት።

በማግስቱ ለልጃቸው ምሳ ይዘው ሄዱ። ምሳው ሰበብ ነው። መሠረቱ ከተቆፈረ ጀምሮ በአጥር ሲያጮልቁ ስለኖሩ ሠራተኞቹ «ተቆጣጣሪዋ» ብለው ስም አውጥተውላቸዋል። ዘበኛው በሩን እየከፈተ፣ ዛሬ ደግሞ ምን ተጣመመብዎት አላቸው። ያንተ ቆብ ብለውት ገቡ።

የገቡበት የዘጠነኛ ክፍል ቀለም ቀለም ይሸታል። መስኮቶቹ ሰፋፊ ናቸው፤ ግን ግጥም ብለው ተዘግተዋል። በመስኮቱ ጠርዝና በግድግዳው መካከል ዙሪያውን ሰፊ ፕላስተር ተለጥፏል፣ አፉን እንዳሰሩት ሰው። እማማ ጉንጫቸውን አስጠጉ። ትንፍሽ የለም። ሠራተኞቹ ምሳ ላይ ነበሩ። ከቦርሳቸው ኪሮሻቸውን፣ ያችን ዳንቴል የሚሠሩባትን ጫፏ ቆልመም ያለች መርፌ አወጡና የፕላስተሩን ጥግ ወጋ ወጋ አደረጉት። ብዙ አይደለም፤ ለአንዲት ልጅ አፍንጫ የምትሆን ያህል ብቻ። ቀጭን ነፋስ ጣታቸውን ሲልሰው ነፍሳቸው መለስ አለች።

ሳምንቱ ሳያልቅ ልጃቸው ጧት ጫማውን እያሰረ የዕለቱን ሥራ ነገራቸው። አንዲት መሐንዲስ መጥታ በየክፍሉ በር ላይ ትልቅ ቬንትሌተር ትገጥማለች፤ አየር እየሳበች በየስንጥቁ ምን ያህል እንደሚሾልክ ትለካለች። ካላለፈ ርክክብ የለም፣ ርክክብ ከሌለ ምዝገባ የለም፣ ልጅቷም ወደ አውቶቡሷ። እማማ ኪሮሻቸው ትዝ አለቻቸው። ሊናገሩ አፋቸውን ሲከፍቱ እሱ ወጥቶ ሄዷል። የልጅ ልጃቸውን እጅ ይዘው ተከተሉት።

ሲደርሱ ሌሎቹ ክፍሎች አልፈው ያ ክፍል እምቢ ብሏል። በኮሪደሩ መስታወት ሲያዩ፣ መሐንዲሷ የምትጨስ ቀጭን ዘንግ ይዛ በየመስኮቱ ትዞራለች። ጭሱ ቀጥ ብሎ ሲወጣ ቆይቶ አንድ ጥግ ላይ ሲደርስ ተገፍትሮ ተበተነ። አንዱ ሠራተኛ የአይጥ ሥራ ነው አለ። ልጃቸው ጎንበስ ብሎ አየ። ቀዳዳዎቹ እኩል ተራርቀው፣ አንዱ ከፍ አንዱ ዝቅ እያለ፣ እንደ ዳንቴል ጠርዝ ተሰልፈዋል። እቤት ሶፋው፣ ቴሌቪዥኑ፣ የራሱ ትራስ ሳይቀር ያንን ጠርዝ ነው የለበሰው።

«ይቺ አይጥ» አለ ቀስ ብሎ፣ «እኔንም ወልዳኛለች።»

ቬንትሌተሩን አስቁሞ ሁለቱንም አስገባቸው።

«እማዬ፣ ምን አድርጌሽ ነው?»

«አፈንናቸው አልከኝ።»

«መስኮት አላቸው እኮ።»

«ዝግ መስኮት ምን ያደርጋል?»

ልጃቸው እጀታውን ሲያዞረው መስኮቱ ወለል አለ። እማማ በአጥር ሲያዩ ተከፍቶ ስላላዩት ጭራሽ የማይከፈት መስሏቸው ነበር። አንዱ ሠራተኛ ሳቁን በሳል ሸፈነ።

እማማ ግን አልሳቁም። «ማሽን ይተነፍስላቸዋል አልከኝ» አሉ።

ልጃቸው እጀታውን ለቀቀ። እሱም እኮ እህቱን በዚያ ማሽን ሥር አይቷታል።

«አፌ ነው የበደለሽ» አለ። «የሚተነፍሱት ራሳቸው ናቸው። ማሽኑ አየሩን አጣርቶ ያስገባል፣ ያደፈውን ያወጣል። በቃ።»

«መብራት ሲጠፋስ?»

«መስኮት ትከፍታለቻ።»

«እስቲ ትክፈት።»

ልጅቷ በሰው ፊት አፍራ፣ እማማ በናትሽ እያለች ቀረበች። መስኮቱን አጎቷ መልሶ ዘግቶት ነበር። እጀታው አዲስ ስለሆነ ጠጠረባት፤ በአንድ እጇ አልንቀሳቀስ አለ። በሁለት እጇ ስትጫነው ቀጭ ብሎ ዞረ። ዝጊው አሏት። ደግሞ ክፈቺው አሏት። መሐንዲሷ ሰዓቷን ሰረቅ አድርጋ አየች።

ልጃቸው ፕላስተሩን ሲያድስ ጫፉን የያዙለት እማማ ናቸው። ቬንትሌተሩ እንደገና ሲያጓራ እንውጣ ቢባሉ እምቢ አሉ። መሐንዲሷ ቁጥሩን ታያለች፣ እማማ የልጅቷን ደረት ያያሉ። ከፍ ዝቅ፣ ከፍ ዝቅ። ያ የሚያውቁት ሲር ሲር የለም። አለፈ ተብሎ ሰው ሲጨባበጥ እሳቸው ገና እዚያው ደረቷ ላይ ነበሩ።

«ከእንግዲህ ግን አፈንን አትበሉ» አሉ ቀና ብለው። «ደፈንን በሉ። የሚደፈነው ቀዳዳ ነው፤ የሚታፈነው ሰው ነው።»

የልጅ ልጃቸውን ይዘው ወጡ። መንገዱን አጋምሰው ቆሙና ተመለሱ። ዘበኛው አሁንስ ምን ተጣመመ አላቸው።

«የዘጠነኛ ክፍል እጀታ ይጠጥራል። ልጄ ዘይት አደርግበታለሁ ብሏል፣ ግን ይረሳል። አንተ አስታውሰው።»

ዘበኛው እሺ አለና ቆቡን አቃና።