ከአልጋው ራስጌ ያለው ጠረን

ጋሽ ሰብስቤና ባለቤታቸው እትዬ ሙሉእመቤት ዲላ ያለውን ቤታቸውን ሸጠው ሐዋሳ ልጃቸው ዘንድ ሊጠቃለሉ ቆርጠዋል። ቤቱ የጭቃ ነው፤ ኮርኒሱ ቀለም የተቀባ አቡጀዲ። አራት ገዢዎች አይተውት ሄደዋል፤ ሁሉም "ሲጋራ ሲጋራ ይላል" ብለው። ጋሽ ሰብስቤ ማጨስ ካቆሙ ሦስት ዓመታቸው ነው። ቤቱንም ሁለት ጊዜ ቀለም አስቀብተዋል፤ የጭሱ ቢጫ ግን አዲሱን ቀለም እየዘለቀ ይወጣል።

አምስተኛዋ ገዢ ሳሮን ነበረች። ሥራዋ ቡና መቅመስ ነው፤ ከገደብና ከኮንጋ የሚመጣውን ናሙና እያሸተተች ደረጃ ታወጣለች። ሽቶ እንኳ አትቀባም። የሲጋራ ጠረን ልብሷ ላይ ይዛ ብትገባ ናሙናው ሁሉ ይምታታባታል።

"ግቢውን ወድጄዋለሁ" አለችና ዓይኗን ከደን አድርጋ እያሸተተች ክፍሎቹን ዞረች።

"እኔ እኮ የማጨሰው በረንዳ ላይ ነበር" አሉ ጋሽ ሰብስቤ፣ ሳይጠየቁ።

ሳሮን መኝታ ቤት፣ ከአልጋው ራስጌ ቆመች። "በረንዳው ደህና ነው አባባ። የተጨሰው እዚህ ነው።"

ጋሽ ሰብስቤ ወደ ሚስታቸው ዞሩ።

"ምን ታየኛለህ?" አሉ እትዬ ሙሉእመቤት እየሳቁ። "ቤተ ክርስቲያን ስሄድ ጠብቀህ እንደምታጨስ ድሮም አውቃለሁ። ስመለስ መስኮቱ ወለል ብሎ፣ አንተ ብርድ ልብስ ተከናንበህ!"

"ታዲያ ለምን ዝም አልሽኝ?"

"ብናገርህ ዝናብ ላይ ወጥተህ ልትታመምብኝ?"

ሳሮን ሳቋን ዋጥ አድርጋ፣ "ቀለም አያድነውም" አለች። "አቡጀዲው ይውረድ፣ ምርጊቱ ተፍቆ እንደ አዲስ ይመረግ። ሲደርቅ እመጣለሁ። ያኔም ከሸተተኝ ግን አልገዛም።"

አቡጀዲውን ጋሽ ሰብስቤ ራሳቸው ቀደው አወረዱት፤ ሻይ የተነከረ ይመስል ነበር። ግድግዳውን ፋቁ። እትዬ ሙሉእመቤት ጭድና ጭቃ እያቀበሉ፣ "ጠበቅ አድርገህ ለስን እንጂ! ስታጨስ እንዲህ አልሰነፍክም" ይሏቸዋል።

ከአንድ ወር በኋላ ሳሮን መኝታ ቤት ገብታ በሩን ዘጋች። ሁለቱ በረንዳው ላይ፣ የሐኪም ውጤት እንደሚጠብቅ ሰው ቆሙ።

ወጣች። "ጭቃ ጭቃ ብቻ ነው የሚለው። እገዛዋለሁ።"

ጋሽ ሰብስቤ አሮጌ ኮታቸውን እንደለበሱ በደስታ አቀፏት። ሳሮን ትንፋሿን ያዘች፤ ከዚያ ሳቀች። "ኮትዎ ግን አባባ..."

"ኮቱ ከቤቱ ጋር አይሸጥም፣ ልጄ" አሉ እትዬ ሙሉእመቤት፣ የባላቸውን እጅጌ እያራገፉ። "እኔ ለምጄዋለሁ፤ ሐዋሳ ይዤው እሄዳለሁ።"