ፊቷን ወደ ግድግዳ

ዴኦሊንዳ እጇን ቀዶ ሕክምና ተደርጎላት ወደ ጫማ ፋብሪካው ስትመለስ፣ የስፌት መኪናዋ ላይ ሌላ ሴት ተቀምጣ አገኘች። የክፍሉ አለቃ አቢሊዮ ከሽንት ቤቱ በር አጠገብ፣ ከግድግዳው ጋር የተፋጠጠ ጠረጴዛ አሳያት። ላዩ ላይ ጥቁርና ነጭ የጫማ ማሰሪያ የተዘበራረቀበት ካርቶን አለ።

«ለይልኝ» አላት።

ስትለይ ዋለች። ማታ አቢሊዮ ሁለቱን ክምር መልሶ ደባለቀና «በይ እንግዲህ፣ ነገም እንደ አዲስ» አለ።

ያኔ ገባት። እጇ እንደ ድሮው አይፈጥንም፤ ሊያባርሯት ደግሞ ሕጉ አይፈቅድላቸውም። ተማርራ ራሷ እንድትለቅ ነው።

«እመቤት፣ ቢሮው ተስማማዎት?» ይላታል አቢሊዮ ጮክ ብሎ። ሴቶቹ ይስቃሉ። መጀመሪያ ሰሞን እሱን ፈርተው ነበር የሚስቁት፤ እያደር ግን ከልባቸው ሆነ። ዴኦሊንዳ ዞራ ሳታይ የአልዚራን ሳቅ ትለየዋለች። አልዚራ አበልጇ ናት፤ ልጇን ክርስትና ያነሳችላት።

«አበልጄ፣ አንቺም?» አለቻት አንድ ቀን እጅ መታጠቢያው ጋ።

«ምን ላድርግ ታዲያ? ዓይኑ ውስጥ ከገባሁ ቀጥሎ ተረኛዋ እኔ ነኝ። የቤቴን ችግር ታውቂው የለ?»

«ዝም በይ፤ አልቀየምሽም። መሳቁን ግን ተይው።»

አልዚራ አልተወችውም። ምሳዋንም ከሌሎቹ ጋር መብላት ጀመረች።

ዴኦሊንዳ ጠዋት ጠዋት የፋብሪካው በር ላይ ስትደርስ ያስመልሳት ጀመር። ባሏ «ሥራውን ተይው፣ ሾርባ ብቻ ጠጥተንም እናድራለን» ቢላት አሻፈረኝ አለች። በመጨረሻ ለሠራተኛ ጉዳይ መሥሪያ ቤት አመለከተች።

የመጣችው ተቆጣጣሪ ሠራተኞቹን አንድ በአንድ እያስገባች ጠየቀች። የምትጠይቅበት ክፍል በስስ ጣውላ ብቻ የተከለለ ስለሆነ ዴኦሊንዳ ሁሉንም ትሰማለች። «ቀልድ ነው» አሉ። «እኔ ያየሁት ነገር የለም» አሉ። ከዚያ የአልዚራ ድምፅ መጣ፦

«እሷ ራሷ ናት ብቻዬን ልቀመጥ ያለችው።»

ዴኦሊንዳ እጇ ላይ ያለውን ማሰሪያ ለቀቀችው።

ተቆጣጣሪዋ ስትወጣ ካርቶኑ አጠገብ ቆመች። «አቶ አቢሊዮ፣ እዚህ ምን ዓይነት ጫማ ነው የምትሠሩት?»

«የሴት ሰንደል።»

«ብቻ?»

«ብቻ።»

«ታዲያ ይሄ ማሰሪያ ለየትኛው ጫማ ነው?»

አቢሊዮ ካርቶኑን በእግሩ ወደ ጠረጴዛው ሥር ገፋው። ወር ሳይሞላ ከሥራው ተነሳ። የፋብሪካው ባለቤት ሁሉን ሰብስቦ፣ ከእንግዲህ ሰው የሚያዋርድም አይቶ የሚያልፍም እንደሚጠየቅ ተናገረ። ዴኦሊንዳ ወደ ስፌት መኪናዋ፣ አልዚራ ጎን ተመለሰች።

በበጋው አንዲት ዩክሬናዊት ተቀጠረች። አንድ ቆዳ ቆራጭ አነጋገሯን እየቀዳ ሲያላግጥባት፣ ሴቶቹ ደግሞ ሳቅ ሳቅ ሲላቸው፣ ዴኦሊንዳ መኪናዋን አጥፍታ ብድግ አለች።

«እስቲ ድገመው። እዚህ መጥተህ ፊት ለፊቴ ድገመው።»

ሰውየው አቀርቅሮ ወደ ቆዳው ተመለሰ። ዴኦሊንዳ ተቀምጣ መኪናዋን መልሳ አስነሳች።

ማታ አልዚራ በሩ ላይ ጠበቀቻት። ዓይኗ ቀልቷል። «ያን ቀን እኔም እንዳንቺ ተናግሬልሽ ቢሆን...» ብላ ጀመረችና አቋረጠችው። «አብረን እንሂድ፣ አበልጄ?»

ዴኦሊንዳ እሺ ልትል ፈልጋ ነበር። አፏ ግን አልታዘዛትም።

«ሂጂ አንቺ» አለቻት በቀስታ። አልዚራ የተሳፈረችበት አውቶቡስ ቁልቁለቱን ወርዶ እስኪሰወር ድረስ እዚያው ቆመች፤ ከዚያ ብቻዋን በእግሯ መንገድ ጀመረች።