የሙሽራዋ ሕመም

ነርሷ የሽንት ከረጢቱን ከአልጋው ሥር ስታነሣ ራቢዓ ዓይኗን መመለስ አቃታት። ከልጇ የወጣው ጥቂት ነው፤ መልኩም ወተት ያልነካው ሻይ ይመስላል።

ኑርሃን የተዳረችው ከሮመዳን በፊት ነው። የሚጥል በሽታ እንዳለባት ከእናቷ በቀር የሚያውቅ አልነበረም፤ ሽማግሌ ሲላክ ደብቂው ያለቻትም ራሷ ራቢዓ ናት። ክኒኑን ከባሏ ከፈይሰል ተሸሽጋ ትውጥ ነበር። ጾሙ ሲገባ ግን ለስሑርም ለኢፍጧርም ከአማቶቿ ጋር አንድ ማዕድ ላይ ስለምትቀርብ መደበቂያ ጠፋና ተወችው። ትናንት በዚያ በሸዋ ሮቢት ሐሩር ማሽላ ስታበጥር ውላ ወደቀች። በሽታው አንዴ ሳይለቃት እንደገና እየተነሣ ሲያንፈራግጣት ቆየ። ፈይሰል በባጃጅ ሆስፒታል አምጥቶ አስተኛት።

ሐኪሙ ከዚህ በፊት ታማ ታውቅ እንደሆነ፣ የምትወስደው መድኃኒት እንዳለም ጠየቀ።

"ምንም የለባትም፤ ወባ ነው የሚሆነው" አለ ፈይሰል።

ኑርሃን እናቷን በዓይኗ ለመነቻት። ራቢዓ ብትናገር ትዳሩ ሊፈርስ ነው፤ ዝም ብትል ልጇን ልታጣ።

ሐኪሙ ሲወጣ ተከትላው በረንዳው ላይ ሁሉንም ነገረችው። አልተቆጣትም። በመንፈራገጡ ብዛት ጡንቻዋ እንደተጎዳ፣ ከጡንቻው የወጣው ነገር ውሃ ያጣውን ኩላሊቷን እየዘጋው እንደሆነ አስረዳት። ግሉኮሱ ካላጠበው፣ ደሟ በመሣሪያ እንዲጣራ ወደ አዲስ አበባ መላክ ግድ ይሆናል።

"ኩላሊቷ ሊድን ይችላል። ክኒኑን ዳግም ካቋረጠች ግን ያው ነው" አላት። "አብሯት የሚኖር ሰው ማወቅ አለበት፣ እትዬ።"

ወደ ክፍሉ ስትገባ ፈይሰል የሚስቱን እግር በእርጥብ ጨርቅ እያበረደ ነበር። ራቢዓን ሲያይ ተነሥቶ ወንበሩን ለቀቀላት።

"እናቴ ደውላ ነበር" አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "ጂን ነው፣ ግሉኮሱ ይነቀልና ሼኹ ጋ ትወሰድ እያለች ነው። እርስዎ ምን ይላሉ?"

ኑርሃን ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ራቢዓ የልጇን ጀርባ አየች። ከዚያ ወንበሩን ወደ ፈይሰል ገፋችለት።

"ቁጭ በል፣ ልጄ" አለችው። "ሲጥላት እንዴት እንደምትይዛት ላሳይህ።"