የገብስማዋ ዶሮ በሽታ

ጣሂራ አሰበ ተፈሪ ውስጥ፣ ከአውራ ጎዳናው ዝቅ ብሎ ባለው ሰፈር ዶሮ ታረባ ነበር። የሶማሊያ ጦርነት ካበቃ በኋላ የሟች ወንድሟ ሚስት ሰዓዲያ ከገለምሶ መጥታ አብራት መኖር ጀመረች። ሰዓዲያ ያደገችው ጫት ሲሸጥ እያየች ነው፤ ስለ ዶሮ የምታውቀው ወጡን ብቻ ነበር።

በመጣች ሰሞን አንድ ረፋድ ላይ ከጓሮ እየጮኸች ገባች።

«እትዬ ጣሂራ፣ ዶሮዎቹ አለቁ!»

ጣሂራ ወጥታ ስታይ፣ ዶሮዎቹ ፀሐይ በመታው አፈር ላይ ክንፋቸውን ዘርግተው በጎናቸው ተጋድመዋል፤ ዓይናቸውም ጭፍን ከፈት ይላል። ሳቋ መጣ። አንዷን በእግሯ ጫፍ ነካ ስታደርጋት ዶሮዋ ብድግ ብላ አቧራዋን አራገፈችና እየተቆጣች ሄደች።

«አፈር እየታጠቡ ነው። ፀሐይም ይሞቃሉ። እረፍታቸው ነውና አትንኪያቸው።»

ሰዓዲያ አፈረች። ከዚያ ወዲህ የተኛች ዶሮ ስታይ ዝም ብላ ማለፍ ጀመረች።

ጥቂት ቆይቶ ጣሂራ የታመመች አክስቷን ልትጠይቅ ሂርና ሄዳ ሰነበተች። ስትመለስ ገና የአጥሩን በር ሳትከፍት ግማቱ ተቀበላት። ገብስማዋ ዶሮ ጥግ ላይ ኩርምት ብላለች። ላባዋ ተነፍቷል፤ ክንፏ ወርዷል። ከመንቆሯ የሚንጠባጠበው ልጋግ ደረቷ ላይ ደርቆ ተጋግሯል። አረንጓዴ፣ ውሃ የመሰለ ኩሷ ጅራቷ ላይ ተለጥፎ ዝንብ ወርሮታል። ስትተነፍስ ጉሮሮዋ ይንተከተካል።

«ያ ረቢ! ማል ታቴ? ምን ሆና ነው?»

«እኔማ እያረፈች መስሎኝ...»

«ጤነኛ ዶሮ ሲነኳት ትነሳለች። ሌሎቹ ሲለቅሙ እሷ ዓይኗን ጨፍና ከዋለች፣ ሲመሽም ቆጥ ላይ ካልወጣች ምን እረፍት አለው? ፈንግል ገብቶብናል!» ጣሂራ ጓሮውን ቃኘች። «ሌሎቹስ የታሉ?»

ሰዓዲያ አንገቷን ደፋች። «ኩብራ ወሰደቻቸው። ሳይሞቱ ይታረዱ ብላ ስኳር ሰጠችኝ። ስኳር ደግሞ ከቀበሌ ሱቅ ከጠፋ ቆየ...»

ኩብራ ጎዳናው ዳር ለሾፌሮች ምግብ የምትሸጥ ጎረቤታቸው ናት። ጣሂራ ሻሿን አፍንጫዋ ላይ ጠቅልላ በጓሮ በኩል ገባችባት። እርጥብ ላባ ተከምሯል። አንጀቱ መተላለፊያው ላይ ተጥሎ ውሾች ይጓተቱበታል። ከአጠገቡ ድስት ይፈላል። ኩብራ አንዲት ዶሮ በፈላ ውሃ እየነከረች ትነጫለች። እጇ ላይ የተዝለገለገውን ልጋግ ቀሚሷ ላይ ጠረገችና በዚያው እጇ በርበሬ ዘግና ድስቱ ውስጥ ጨመረች።

ጣሂራ ሻሿን አፍንጫዋ ላይ አጠበቀች።

«ምን ያስደነግጥሻል?» አለች ኩብራ። «ቢላዋ ሞትን ከቀደመ ሀላል ነው። የቀረውን በርበሬው ይሸፍነዋል።»

ጣሂራ ግማሽ የተነጨችውን ዶሮ እግሯን ይዛ አንጠልጥላ አንገቷን አገላበጠች። ቢላዋ አልነካትም። ቆዳዋ ጠቁሮ ሆዷ ተነፍቷል።

«ይቺን ማን አረዳት?»

ኩብራ ዶሮዋን ልትነጥቃት እጇን ዘረጋች።

ጣሂራ እንዳንጠለጠለቻት ወደ ምግብ ቤቱ ዘለቀች። ከመቻራ ቡና ጭነው የመጡ ሁለት ሾፌሮች ወጥ እየበሉ ነበር። በድኑን ትሪያቸው አጠገብ ዘረገፈችው።

«የቀረባችሁ የዚህች እህት ነው!»

አንደኛው አፉን ይዞ ሮጠና በሩ ላይ አስታወከ። ሁለተኛው የጎረሰውን ተፍቶ «አስተግፊሩላህ! አስተግፊሩላህ!» እያለ ምላሱን በእጁ ይጠርግ ጀመር። ኩብራ ከኋላ ትራገማለች። ጣሂራም አጥሩ ጋ እንደደረሰች ጎንበስ ብላ ሆዷ ውስጥ ያለውን ሁሉ አወጣችው።

ቤት ስትመለስ ገብስማዋ ሞታ ነበር። ሰዓዲያ እያለቀሰች ጥልቅ ጉድጓድ ቆፈረች፤ ጣሂራ ቆጡን ነቅላ አቃጠለች።

«ስኳሩንስ?» አለች ሰዓዲያ።

«ከእሷ ጋር ቅበሪው።»

መተላለፊያው ላይ የተጣለው አንጀትና ላባ በውሾች እየተጎተተ በሽታውን በየቤቱ አዳረሰ፤ ሰፈሩ ውስጥ አንድ አውራ ዶሮ እንኳ አልተረፈም። የኩብራም ቤት ለተወሰነ ጊዜ ሰው አልረገጠውም። በኋላ ግን ወሬውን ያልሰሙ መንገደኞች ከሐረር መጡና እንደገና ሞላ። ጣሂራ በዚያ ስታልፍ የወጡ ሽታ ሲደርሳት ምራቋን እየተፋች መንገድ ትሻገር ነበር።