ዋና ሲጠብቅ፣ ዋና ሲላላ

ኤጭ! የኮምፒውተሬ ተርሚናል ላይ ያ ቀይ ጽሑፍ እንደገና ብቅ አለ፦ «ሁለት መመሪያዎች ይጋጫሉ።»

የምሠራው ስፖርት ክለብ ውስጥ ነው። ለወላጆች ጥያቄ በስልክ መልስ የሚጽፍ ኤአይ ረዳት አለን። ምን ይበል፣ ምን አይበል የሚለውን በመመሪያ ፋይሎች እንነግረዋለን። እኔ ደግሞ ተርሚናል ላይ አንዲት ትእዛዝ ጽፌ ፋይሎቹ እንዳይጣረሱ አስፈትሻለሁ። ፍተሻውን ያላለፈ ሥራ ላይ አይውልም።

የድሮው ፋይል «የዋና አሰልጣኝ ስልክ ለማንም አይሰጥ» ይላል። አዲሱ «የዋና አሰልጣኝ ስልክ ለጠየቀ ሁሉ ይሰጥ» ይላል። የድሮው «ዋና» ይጠብቃል፤ የአሰልጣኞቹ አለቃ ነው፣ ወላጆች «ልጄን ለምን አላሰለፍከውም» እያሉ መውጫ መግቢያ ያሳጡት ሰውዬ። የአዲሱ ይላላል፤ ልጆችን ውሃ ውስጥ መዋኘት የምታሠለጥነዋ ታናሽ እህቴ ናት። ዛሬ ቢሮ እስኪዘጋ በቂ ልጅ ካልመዘገበች ክፍሏ ይታጠፋል፣ እሷም ትሰናበታለች። መመዝገቢያው ደግሞ የእሷ ስልክ ብቻ ነው። ይሄ ረዳት ተብዬ ግን ለጠየቀው ሁሉ «አልሰጥም» እያለ ይመልሳል!

ያለ ሥራ አስኪያጁ ፈቃድ አንድ ፊደል መንካት አልችልም። ከስብሰባ ጠርቼ አስወጣሁት።

«አንዱን አጥፋና ገላግለን» አለኝ።

«ጋሼ፣ አንድ አይደሉም እኮ! ይሄኛው ዋና ነው፣ ያኛው ዋና ነው።»

«አንተ ልጅ፣ ጤነኛ ነህ?»

«ማሽኑ የሚጠብቀውንና የሚላላውን አይለይም። አዲሱ ላይ ከ‹ዋና› በፊት ‹ውሃ› የምትል ቃል ልጨምር፣ በቃ።»

«ከስብሰባ በኋላ» ብሎኝ ተመልሶ ገባ። በንዴት ጨስኩ። የምን ስብሰባ ነው ማለቂያ የሌለው!

ሲወጣ ዘበኛው በሮቹን መቆለፍ ጀምሯል። ሥራ አስኪያጁ ጽሑፉን ጮክ ብሎ አነበበው፣ ደግሞ አነበበው፣ ከዚያ ሆዱን ይዞ ሳቀ። «ውይ፣ ዋና! ጨምር፣ ጨምር።» ጨመርኩ። ተርሚናሉ አረንጓዴ ሆነ።

ቤት ስገባ የእህቴ ስልክ ይጮኻል። አንስታ ማውራት ጀመረች። «አዎ፣ እኔው ነኝ... ቁጥሬን ረዳቱ አሁን ሰጠሽ?... አይ እናቴ፣ ክፍሉ ዛሬ ታጠፈ... እኔንም አሰናብተውኛል።» ዘጋችው። ሳትተነፍስ ሌላ ተደወለ፣ እሱ ሳያበቃ ሌላ።

ስልኩን እጄ ላይ ጣለችው።

«እስቲ ይሄኛዋን አንተ ንገራት።»